ደጋው የወሰደው የሞተር ጉልበት ይመለሳል ወይ?

(በመካነ ሰላም የሠፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የመኪና ኮሚቴው ያቀረበው ንግግር። በዕለቱ ላልተገኙ ነዋሪዎች ይደርስ ዘንድ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ መኪናችን ነው። እንደምታውቁት ይህች መኪና የማንም የግል ንብረት አይደለችም። ከየቤታችን በተዋጣ ገንዘብ የተገዛች፣ በሽተኛ የምታደርስ፣ ለቀስተኛ የምትወስድ፣ የእድሩን ድንኳን የምትጭን የሁላችን መኪና ናት። ስለሆነም ስለ እርስዋ የሚወራው ሁሉ የሁላችንም ጉዳይ ነው።

በዚህ ዓመት ሦስት ነገር ሲወራ ሰምተናል። አንደኛ፣ «መኪናዋ ጉልበት የላትም፣ አርጅታለች፣ ትሸጥ» ይባላል። ሁለተኛ፣ «ሾፌሩ ናፍጣ ይሸጣል፤ ባይሸጥማ ይህን ያህል አትጠጣም ነበር» ይባላል። ሦስተኛ፣ «ተርቦ ይገጠምላትና ችግሩ ያብቃ» ይባላል። ለሦስቱም መልስ ይዘን ቀርበናል። መልሱን ለመረዳት ግን አንድ ነገር አስቀድመን ማወቅ አለብን፤ ይኸውም ሞተር በደጋ አገር ላይ ምን እንደሚሆን ነው። ጠለቅ ያለ ትምህርት አይደለም፤ ማንኛችንም ከምድጃ ዳር የምናውቀው ነገር ነው።

ሀ. የሆነው ነገር

መኪናዋ ከተገዛች ጀምሮ ዳገት ላይ ትደክም ነበር። ባለፈው ዓመት ይኸው ኮሚቴ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰዳት። የጋራዡን ስም አናነሣም፤ ጥፋቱ የእኛም ነውና። መካኒኩን «እባክህ ጉልበት ስጣት» አልነው። እሱም የናፍጣውን ፓምፕ ብሎን አዞረና ናፍጣ ጨመረላት። ነድተን ስንሞክራት ትንሽ የተሻላት መሰለን፤ ደስ አለን፣ ከፍለን ወጣን። ከኋላዋ የሚወጣውን ጥቁር ጭስ ግን «ይኼማ የጉልበት ምልክት ነው» ብለን አለፍነው።

ከዚያ በኋላ ናፍጣው አልበረክት አለ። ወር በገባ ቁጥር ሒሳቡ ሲጨምር ጊዜ አንዳንዶቻችን ዓይናችንን ሾፌሩ ላይ ጣልን። ፊት ለፊት የጠየቀው ሰው ጥቂት ነው፤ በጓሮ ያወራነው ግን ብዙ ነን። እሱ «ሞተሩ ነው የሚጠጣው፣ እዩት» እያለ ደጋግሞ ተናግሯል። ሰሚ አላገኘም።

በመጨረሻም አንዲት እኅታችን በምጥ ተይዛ ወደ ደሴ ሪፈር ተባለች። በሌሊት ይዘናት ስንሄድ፣ አቀስታን አልፈን ዳገቱ መሐል መኪናዋ ውኃ አፈላችና ቆመች። የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ነበር። የዚያን አገር ብርድ ታውቁታላችሁ። ጋቢያችንን ሁሉ አልብሰናት መንገድ ዳር ቆመን ስንጸልይ፣ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አዝኖ ጋቢና ውስጥ አስገባልን። ፈጣሪ ይመስገን፣ እናትም ልጅም ደኅና ናቸው። ያን ሌሊት ግን አብረን የነበርን ሰዎች አንረሳውም።

ሞተሩ ሲፈታ ያየው ሌላ ባለሙያ አንድ ነገር ነገረን፦ «ናፍጣችሁን የሰረቀው ሰው የለም። ሳይቃጠል በጭስ ማውጫው ወጥቷል» አለን። የዛሬው ንግግራችን መነሻ ይኸው ቃል ነው።

ለ. ሞተር የሚተነፍሰው አየር

እሳት ያለ አየር አይነድም። እናቶች ምድጃው ላይ እንጨት ሲበዛበት ምን እንደሚሆን ያውቁታል፤ ቤቱ በጭስ ይሞላል እንጂ እሳቱ አይበረታም። ያን ጊዜ እንጨት አይጨመርም፤ ይልቁንም ይቀነስና በማራገቢያ አየር ይሰጠዋል። ሞተርም በውስጡ እሳት የሚያነድ ምድጃ ነው። ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ አየር ይስባል፣ ነዳጁ ከአየሩ ጋር ይቃጠላል፣ ቃጠሎው ፒስተኑን ይገፋል። የሚገኘው ጉልበት በገባው አየር ልክ ነው።

ታዲያ የደጋ አየር ቀጭን ነው። ብርዱ ሌላ ጉዳይ ሆኖ፣ ከላያችን የሚጫነን አየር ከቆላው ስለሚያንስ አየሩ ሳሳ ይላል። ፒስተኑ ቆላም ሆነ ደጋ የሚስበው በመጠን እኩል ነው፤ ነገር ግን ደጋ ላይ በዚያው መጠን ውስጥ ያለው አየር ያንሳል። እኛ ራሳችን ሩጠን ዳገት ስንወጣ ቶሎ የሚደክመን በዚሁ ምክንያት ነው።

በደፈናው ሲሰላ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ግድም ላይ ናት። እንግዲህ በባሕር ጠረፍ 100 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር እዚህ ሲደርስ የሚቀረው 75 ያህል ነው። ሩቡን ደጋው ወሰደው ማለት ነው። ወደ ደሴ ስንሄድ ጉጉፍቱ ላይ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለምንወጣ ወደ 70 ዝቅ ይላል። መኪናዋ አዲስም ብትሆን፣ ትናንት ከፋብሪካ ብትወጣም ያው ነው።

ይህንን ከሁሉ በላይ የሚያውቁት ከጅቡቲ የሚመጡ ሾፌሮች ናቸው። ከባሕር ዳርቻ ተነሥተው በሚሌ ሜዳ ሲያልፉ ሞተሩ ይጋልባል። ባቲን አልፈው ኮምቦልቻ ሲደርሱ 1,800 ሜትር አልፈዋል፤ ደሴ ሲገቡ 2,500 ሜትር ደርሰዋል። ሞተሩ ያው፣ ጭነቱም ያው ነው፤ ማርሹ ግን እየወረደ ይመጣል። የተሰበረ ነገር የለም። አየሩ ነው።

ወፍጮ ያላችሁም ይህ ነገር ይመለከታችኋል። የናፍጣ ወፍጮ ሞተር ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት አብዛኛውን ጊዜ የቆላ ጉልበት ነው። እዚህ ሲተከል ሩቡን ቀንሳችሁ አስቡት። ድንጋዩ ከበደው ብላችሁ ናፍጣ ብታስጨምሩ ትርፉ ጭስ ነው። ሞተር ስትገዙ ከፍ ያለውን መምረጥ፣ ወይም በአንድ ጊዜ የሚገባውን እህል መቀነስ ይሻላል።

አውሮፕላንም ከዚህ አያመልጥም። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዋሽንግተን ሲበር ለብዙ ዓመታት በመንገዱ ላይ አርፎ ነዳጅ ሲቀዳ፣ ሲመለስ ግን በቀጥታ ሲመጣ የኖረው ከዚሁ የተነሣ ነው። ከቦሌ ነዳጁን ሞልቶ፣ ሰውና ዕቃውንም ጭኖ መነሣት ስለሚከብደው ነው። ያን ያህል ሞተር ያለው እንኳ ለደጋው ብሎ ጭነት ይቀንሳል።

ሐ. ጭነትና ዳገት

መቅደላን የምታውቁ ሁሉ የሴባስቶፖልን ነገር ሰምታችኋል። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ያን መድፍ፣ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን፣ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው በሰው ጉልበት አስጎትተው የበሽሎን ገደል አሻግረው በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ መቅደላ አደረሱት። ስድስት ወር ያህል ፈጅቷል። ተራራውን ዝቅ ማድረግ አልቻሉም፤ ያደረጉት መንገዱን መጥረግና ማዞር፣ የሚጎትተውን ሰው ማብዛት፣ ቀስ ብሎ መሄድ ነው። ዳገት ከጥንት ጀምሮ የሚቀበለው ዋጋ ይኼው ነው፤ ወይ ጉልበት፣ ወይ ጊዜ፣ ወይ ጭነት መቀነስ።

በመኪናም ሒሳቡ ያው ነው። ሩብ ጉልበት ከጠፋ፣ ወይ ዳገቱን በሩብ ያህል ቀርፈፍ ብለን እንወጣለን፣ ወይ ክብደቱን በሩብ እንቀንሳለን። ግን ልብ በሉ፤ ክብደት ስንል የመኪናዋን ጭምር ነው። ባዶዋን 30 ኩንታል የምትመዝን መኪና 40 ኩንታል ብትጭን ጠቅላላው 70 ይሆናል። የሰባው ሩብ 17 ኩንታል ተኩል ነው። የመኪናዋ አካል አይቀነስምና ሙሉው የሚቀነሰው ከጭነቱ ነው። እንግዲህ በቆላው ፍጥነት ልውጣ የሚል ሰው 40 ኩንታሉን ወደ 22 ተኩል ማውረድ አለበት። ይህንን የሚያደርግ የለም፤ አስፈላጊም አይደለም። የተፈቀደውን ጭኖ፣ ማርሽ ቀንሶ፣ ረጋ ብሎ መውጣት ይበቃል። ከተፈቀደው በላይ ጭኖ በላዩ ሰው ደርቦ ግን «ሞተሩ ደከመ» ማለት በሞተሩ ላይ መፍረድ ነው።

የድሮዎቹን የፊያት መኪናዎች፣ «ኤንትሬ» የምንላቸውን፣ አባቶች ያስታውሷቸዋል። ተርቦ አልነበራቸውም። ሞተራቸው ግን ወደ 11 ሊትር የሚጠጋ ትልቅ ስለነበረ ሩቡ ቢሄድም የቀረው ይበቃቸው ነበር። በዚያ ላይ የኤንትሬ ሾፌር አይቸኩልም። ዳገቱ ሥር ሳይደርስ ማርሹን ይይዛል፤ ያገሳል እንጂ አይታፈንም። ያን ዘዴ ዛሬም አንርሳው። ሞተር መሐል ዳገት ላይ ከመታፈኑ በፊት ማርሽ መቀነስ እንጂ፣ በሦስተኛ እያንገጫገጩ ነዳጅ መርገጥ ሞተሩን ያግለዋል፣ ጉልበትም አይጨምርም።

መ. ናፍጣ መጨመር ለምን አልረዳንም?

አባቶቻችን ዳገት ሥር ደርሰው ለፈረስ ገብስ ቢያበሉት አይጠቅመውም ይላሉ። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። ሞተሩ የራበው አየር ሆኖ ሳለ ናፍጣ አበላነው።

የናፍጣ ሞተር የሚወስደው አየር በደጋ ሲያንስ፣ ፓምፑ የሚረጨው ናፍጣም በዚያው ልክ መቀነስ ነበረበት። አንዳንድ ፓምፖች ከፍታውን እያዩ ራሳቸው የሚቀንሱበት መሣሪያ አላቸው፤ የእኛዋ የላትም። በላዩ ላይ ብሎኑ ሲዞር ምን ሆነ? የተረፈው ናፍጣ በግማሽ ተቃጥሎ ጥቁር ጭስ ሆነ። ጥቂቱ ዘግይቶ ሲቃጠል የጭስ ማውጫውን አጋለ። ሙቀቱ ቴስታታውንና ፒስተኑን ጎዳ። ሾፌሩ ደግሞ ጉልበት ሲያጣ አብዝቶ ረገጠ፤ ባበዛ ቁጥር ባሰበት። ናፍጣው ያለቀው እንዲህ ነው።

የቤንዚን መኪናና ሞተር ብስክሌት ያላችሁም ስሙ። ካርቡራተር ያለው ሞተር ከቆላ ተስተካክሎ ደጋ ሲወጣ አየሩ ያንስና ቤንዚኑ ይበዛበታል። ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ይለብሳል፣ ሞተሩ ያስላል፣ ቤንዚን ይሸታል። መድኃኒቱ ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታልፍባትን የናስ ቁራጭ ቀዳዳዋ ጠበብ ባለ መለወጥ ነው። የካንዴላውን የእሳት ሰዓት ትንሽ ማስቀደምም ያግዛል። ነገር ግን እንዲህ ያስተካከላችሁትን ይዛችሁ ቆላ ወርዳችሁ ብትሠሩ ቤንዚኑ ያንስበትና ሞተሩ ይግላል፣ ያንኳኳል። ስለዚህ ቆላ የሚሰነብት ሰው መልሶ ማስተካከል አለበት። በኮምፒዩተር የሚሠሩት አዲሶቹ መኪናዎች ይህንን ራሳቸው ያስተካክላሉ፤ ጭስና ብክነት አይኖርባቸውም። ይሁን እንጂ ደጋው የወሰደውን ሩብ እነሱም አይመልሱትም።

ባጭሩ፣ ነዳጁን ማስተካከል ብክነትን ያስቀራል፣ የታፈነውን ሞተር ያስተነፍሳል። የሌለ አየር ግን አይፈጥርም።

ሠ. በእጃችን ያለው

እንግዲህ ደጋው የወሰደው አንድ ነገር ነው፣ እኛ በቸልታ ያስወሰድነው ሌላ ነው። የመኪናችን ሞተር ሲፈታና ዙሪያዋ ሲታይ የተገኘው ብዙ ነበር። ይህኛው ሁሉ የሚመለስ ነው። ለየቤታችሁ መኪናም ይጠቅማልና በዝርዝር እንናገር።

1. የአየር ማጣሪያው በአቧራ ተደፍኖ ነበር። አየሩ በራሱ ሳስቶ ሳለ መግቢያውን መድፈን አፍንጫ ይዞ እንደማስሮጥ ነው። በበጋ የጠጠር መንገድ ላይ ቶሎ ቶሎ አውጥቶ ማየት፣ በአየር ሲጸዳም ከውስጥ ወደ ውጭ መንፋት፣ ከደከመ መለወጥ ይገባል። «ያለ ማጣሪያ ትሻላለች» የሚሉ አሉ። እንዳትሰሟቸው! አቧራው ሲሊንደሩን በልቶ በአጭር ጊዜ ሞተር ያስወርዳል።

2. የኋላው ፍሬን አንድ ጎኑ ይዞ ነበር። ቆላ ሜዳ ላይ ላይታወቅ ይችላል፤ ዳገት ላይ ግን እንደ ተጨማሪ ጭነት ነው። ጥቂት ነድቶ ቆሞ ጎማዎቹን በእጅ መዳሰስ፤ አንዱ ከሌላው ይልቅ የጋለ ከሆነ እሱ ይዟል።

3. ጎማዎቹ ከፋብሪካው ልክ የበለጡ ነበሩ። «ከፍ ትበል» ተብሎ የተገጠመ ነው። ትልቅ ጎማ ማርሹን ከፍ እንደማድረግ ስለሚቆጠር ዳገት ላይ ጉልበት ይወስዳል።

4. የናፍጣው ማጣሪያ ቆሽሾ፣ ኖዝሎቹ ይንጠባጠቡ ነበር። ኖዝል ናፍጣን እንደ ጉም መርጨት አለበት እንጂ ማንጠባጠብ የለበትም።

5. ቫልቮቹ ከተስተካከሉ ዘመን አልፏቸዋል። ፍሪሲዮኑም መንሸራተት ጀምሮ ነበር። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው የማይፈጥን ከሆነ ጥፋቱን ፍሪሲዮኑ ላይ ፈልጉ።

6. የራዲያተሩ ክዳን ጎማ አልቆ ነበር። ይህች ትንሽ ዕቃ ያን ሌሊት ምን እንዳደረገች እንንገራችሁ። ባሕር ጠረፍ ላይ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። በየ300 ሜትር ከፍታ አንድ ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ እዚህ መካነ ሰላም በ91 ዲግሪ ግድም ይፈላል። ባቄላ እዚህ ቶሎ አልበስል የሚለው ለዚህ ነው። ጤነኛ የራዲያተር ክዳን ውኃውን አፍኖ ስለሚይዝ ከዚያ በላይ ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ ሲያፈስ ግን ውኃው በ91 ፈልቶ ይተናል፤ ጓርኒሲዮን የሚቃጠለው ከዚያ በኋላ ነው። አደራ፣ ሞተሩ ሳይበርድ ክዳኑን የሚከፍት ሰው እንዳይኖር።

ጭስዋንም ማንበብ እንልመድ። ጥቁር ጭስ ናፍጣ በዝቷል ወይም አየር አንሷል ማለት ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው፣ ፋሻው አልቋል ማለት ነው። ነጭ ጭስ በብርድ ጠዋት ጥቂት ቢታይ አያስደነግጥም፤ ሞተሩ ሞቆም ከቀጠለና ውኃ ከጎደለ ግን ቆሞ ማስመርመር ነው።

ይህ ሁሉ ከተስተካከለ፣ የፓምፑም ብሎን ወደ ቦታው ከተመለሰ በኋላ፣ ያው ሾፌር፣ በዚያው ጭነት፣ በዚያው መንገድ ነዳት። ጥቁሩ ጭስ ጠፋ። በአንደኛ ትወጣ የነበረውን ዳገት በሁለተኛ ወጣች። ናፍጣዋም ቀነሰ። አዲስ መኪና አልሆነችም፤ የራስዋን ጉልበት ግን አገኘች። የእናንተንም መኪና ከማስጠገናችሁ በፊትና በኋላ በአንድ ዳገት፣ በአንድ ዓይነት ጭነት፣ ሰዓት ይዛችሁ ሞክሩ። «ተሻላት መሰለኝ» ከማለት ይህ ይበልጣል፤ እኛን ያታለለን «መሰለኝ» ነው።

ረ. ተርቦስ?

ስሙን ሲሰሙት የተራበ ይመስላል፤ ነገር ግን አየር የራበውን ሞተር የሚያበላው እሱ ነው። ተርቦ በሚወጣው ጭስ የሚሽከረከር ትንሽ መዘውር ነው። በአንድ ወገን ጭሱ ይነዳዋል፣ በሌላው ወገን ንጹሕ አየር አፍኖ ወደ ሞተሩ ያስገባል። የእናቶች ማራገቢያ በሉት። ይህንን በመጀመሪያ ያሰበውና በ1905 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያወጣው አልፍሬድ ቡኪ የተባለ የስዊስ መሐንዲስ ነው።

ደጋው የወሰደውን መመለስ እንደሚቻል በተግባር የታየው ደግሞ በ1918 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ነው። ሳንፎርድ ሞስ የተባለ መሐንዲስ በቆላ 350 የፈረስ ጉልበት የነበረውን የአውሮፕላን ሞተር 4,300 ሜትር በሚሆነው ፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ አወጣው። ያለ ተርቦ 230 ያህል ሆነ። በተርቦ ሲሞከር ከ350 በላይ ተመለሰ። ከእኛው ራስ ደጀን ብዙም በማያንስ ከፍታ ላይ መሆኑን ልብ በሉ።

ስለዚህ ለርእሳችን ጥያቄ መልሱ አዎን፣ ይመለሳል ነው፤ አየር በሚገፋ መሣሪያ። ዛሬ የሚሠሩት የናፍጣ መኪናዎች አብዛኞቹ ተርቦ ያላቸው በመሆኑ ደጋ ላይ የሚያጡት ያንሳል።

«እንግዲያው ለእኛዋ እናስገጥም» ለሚሉት ደግሞ ይህን እንላለን። የባሕር ጠረፍ የአየር ግፊት 1 ባር ያህል ነው፤ እዚህ ከ0.75 ባር በታች ነው። የጎደለውን ለመመለስ 0.3 ባር ያህል መግፋት ብቻ ይበቃል። ትንሽ ነው፤ በባለሙያ እጅ ሊሠራ ይችላል። ሆኖም ተርቦ የራሱ የዘይት መስመር ይፈልጋል፤ የታፈነ አየር ስለሚግል ማቀዝቀዣ ቢኖረው ይመረጣል፤ ናፍጣው እንደገና በልኩ መስተካከል አለበት፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሞተሩ ጤነኛ መሆን አለበት። ፋሻው ባለቀ፣ ቴስታታው አንዴ በጋለ ሞተር ላይ ተርቦ መግጠም ለሽማግሌ የጎረምሳ ሸክም እንደማሸከም ነው። የሚገጥመውም ሰው ዛሬ ጉልበት ነገ ጓርኒሲዮን እንዳያስከፍለን እንፈራለን።

ተርቦ ያላት መኪና ያላችሁ ሁለት ነገር ጠብቁ። ዘይቱን በጊዜው ለውጡ። ከረጅም ዳገት በኋላም ሞተሩን ወዲያው አታጥፉ፤ አንድ ሁለት ደቂቃ በዝግታ ይሥራና ይብረድ። ጉልበት በድንገት ከጠፋ ደግሞ አስቀድማችሁ የአየር ላስቲኮቹን እዩ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የተቀደደ ላስቲክ ነው።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪናም ተጠይቀናል። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ከተነገረ ወዲህ ወሬው በዝቷል። የኤሌክትሪክ ሞተር እሳት ስለማያነድ አየር አይፈልግም፤ ስለዚህ ደጋ ጉልበቱን አይወስድበትም። ቁልቁለት ላይም ጥቂት ኃይል መልሶ ይሞላል። ለእንዲህ ያለ አገር መልካም ጠባይ ነው። የሚሞላበት ቦታና ዋጋው ግን ራሱን የቻለ ስብሰባ ይፈልጋል።

ሰ. የወጣ ይወርዳል

ስለ ዳገት ብቻ ተናግረን ብንቀመጥ ግማሹን ደብቀን እንዳለፍን ይቆጠራል። ወደ ጎጃም፣ ወደ ጉንደወይን የሚያሻግረው መንገድ ከእኛ ከተማ ተነሥቶ ዓባይ በረሃ ድረስ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ዳገት ጉልበት ያሳጣል፤ ቁልቁለት ግን ነፍስ ያጠፋል።

ቀጭን አየር ፍሬንንም ይነካል። በአየር ግፊት ልዩነት የሚታገዝ ፍሬን ደጋ ላይ እገዛው ይቀንሳል፤ ፔዳሉ ይጠነክራል። የትላልቆቹ መኪናዎች የአየር ፍሬንም ገንዳው እስኪሞላ ከቆላው ይልቅ ይዘገያል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ቆሞ ፍሬን መሞከር፣ ገንዳው መሙላቱን ማየት፣ በወጡበት ማርሽ ወይም ከዚያ ባነሰው መውረድ ግዴታ ነው። ናፍጣ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ በፎሌ መውረድ ግን በሰው ነፍስ መቀለድ ነው፤ ሞተሩ መያዙን ትቶ ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፣ ፍሬኑም ግሎ አልይዝ ይላል። ተሳፋሪዎችም ብትሆኑ ይህንን ስታዩ ዝም አትበሉ።

ሸ. የኮሚቴው ሐሳብ

ከላይ በተገለጸው መሠረት ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ መኪናዋ አትሸጥ። ያረጀች ብትሆንም የደከመችው በእርጅና ብቻ አልነበረም።

ሁለተኛ፣ ለጊዜው ተርቦ አይገጠምላት። ያለንን ገንዘብ ለማጣሪያ፣ ለፍሬን፣ ለልኩ ጎማና ለዘይት እናውለው። ሌላ መኪና የምንገዛበት ቀን ሲመጣ ግን ከፋብሪካው ተርቦ ያላትን እንምረጥ።

ሦስተኛ፣ የጭነቱ ልክ በመኪናዋ በር ላይ ይጻፍ። ድንኳንና ወንበር ሲጫን ሰው በላዩ አይደረብ። ሾፌሩ «በዛ» ካለ በዝቷል፤ ሽማግሌም ቢሆን፣ የኮሚቴ አባልም ቢሆን አይከራከረው።

አራተኛ፣ ማንም ሰው፣ እኛንም ጨምሮ፣ ለመካኒክ «ናፍጣ ጨምርላት» ብሎ እንዳያዝ። በሽተኛ ይዛ ከመነሣትዋ በፊት ማጣሪያዋ፣ ውኃዋ፣ የራዲያተሩ ክዳንና ፍሬንዋ ይታይ፤ የታየበትም ቀን በመዝገብ ይጻፍ። ናፍጣ የተቀዳበትና የተኬደበት ኪሎ ሜትርም በዚያው መዝገብ ላይ ጎን ለጎን ይስፈር። ያን ጊዜ መዝገቡ ይናገራል እንጂ ሐሜት አይናገርም።

አምስተኛውና የመጨረሻው ነገር ሐሳብ ሳይሆን ዕዳ ነው። ሾፌራችን ስድስት ወር ሙሉ እንደ ሌባ ሲታይ ከርሟል። በዚያ ሌሊት በመንገድ ዳር ጋቢውን አውልቆ ለታመመችው ያለበሰው፣ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ሞተሩ ሥር የተጋደመውም እሱ ነው። ብሎኑ እንዲዞር ያዘዝነው እኛ ነን፤ ጭሱን አይተን ያለፍነው እኛ ነን፤ የሰው ስም ያጠፋነውም እኛው ነን። በኮሚቴው ስም፣ በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት ይቅርታ እንጠይቀዋለን። በጓሮ ያወራችሁም ቤቱ ሄዳችሁ ቡናውን ጠጡለት።

ጥያቄ ያለው ይጠይቅ።